የድንጋይን ዘር የጠየቁት ዐሊም፦ አቡ ረይሓን አል-ቢሩኒ



በግንቦት 2015 ጄኔቫ ውስጥ በተካሄደ የሶዝቢስ ጨረታ 25.59 ካራት የምትመዝን አንዲት ቀይ ሩቢ ከ30 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ ተሸጠች። ክብደቷ ወደ ግራም ሲመነዘር ከአምስት ግራም እምብዛም አይበልጥም። ዋጋዋን እዚያ ያደረሰው ቀለሟና መጠኗ ብቻ አልነበረም። በበርማ (ምያንማር) ሞጎክ በተባለው ስፍራ የተገኘች መሆኗም ትልቅ ድርሻ ነበረው። ግን ድንጋይ አፍ የለውም፤ ፓስፖርትም አይዝም። ከየት እንደመጣ በምን ይታወቃል?

ድንጋይን ስለ ማንነቱ ራሱን ድንጋዩን መጠየቅ የዛሬ ዘመን ፈጠራ አይደለም። ከሺህ ዓመት በፊት በሚዛንና በውሃ የጀመሩት አንድ ሙስሊም ዐሊም ነበሩ፤ አቡ ረይሓን ሙሐመድ ኢብኑ አሕመድ አል-ቢሩኒ፣ አላህ ይዘንላቸውና። ብዙዎቻችሁ ስማቸውን የምታውቁት ከሥነ ፈለክና ከሒሳብ ጋር ነው። በዚህ ጽሑፍ ግን ሕይወታቸውን የምንከተለው ብዙም ባልተነገረለት በኩል፣ በከበሩ ድንጋዮች በኩል ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከከተማው ዳር የተወለዱት ልጅ

አል-ቢሩኒ በ973 በኸዋሪዝም ግዛት ካስ በተባለች ከተማ ተወለዱ። አገሩ ዛሬ ኡዝቤኪስታን ውስጥ ነው፤ ከተማዋም አሁን በእሳቸው ስም ቤሩኒ ትባላለች። ቢሩን በፋርስ ቋንቋ ውጭ ማለት ነው። ስለዚህ አል-ቢሩኒ የሚለው መጠሪያቸው ከከተማው ዳር፣ ከውጭ በኩል የሆነ ሰው እንደማለት ነው። የሚታወቁት ዕድሜ ልካቸውን በዚህ ስም ነው።

ስለ ቤተሰባቸው የሚታወቀው በጣም ጥቂት ነው። የዐሊሞችን ታሪክ የሰበሰቡት ያቁት አል-ሐመዊ እንዳቆዩልን፣ አል-ቢሩኒ ለአንድ ገጣሚ በግጥም በሰጡት መልስ የዘር ሐረጋቸውን በውል እንደማያውቁ፣ አያታቸውንም እንደማያውቁ ተናግረዋል። አንዳንዶች ይህን እንደ ቀልድ ያዩታል። ቀልድም ይሁን እውነት፣ በዘር መኩራራት ልማድ በነበረበት ዘመን እንዲህ ብሎ በአደባባይ መናገር ድፍረት ይጠይቃል።

ያሳደጓቸውና ያስተማሯቸው ከኸዋሪዝም ገዢ ቤተሰብ የሆኑት የሒሳብ ሊቅ አቡ ነስር መንሱር ነበሩ። የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የኸዋሪዝም ቋንቋ ነበር፤ በዚያ ቋንቋ ግን ሳይንስ አይጻፍበትም ነበር። ስለዚህ ዐረብኛና ፋርስኛ ተማሩ። በስተርጅናቸው በጻፉት የመድኃኒት መጽሐፍ በሁለቱም ቋንቋዎች እንግዳ መሆናቸውን ሳያፍሩ ጽፈዋል። እናንተ ቤት ውስጥ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ወይም በሐረሪ፣ ትምህርት ቤት በጀርመንኛ ወይም በፈረንሳይኛ የምትኖሩ ልጆች ይህን ስሜት ታውቁታላችሁ። በሁለተኛ ቋንቋቸው የጻፉት እኚህ ሰው ናቸው እንግዲህ በዐረብኛ ከተጻፉት ታላላቅ የሳይንስ መጻሕፍት አንዳንዶቹን ያበረከቱልን።

ስደትና ድህነት

በ995 ኸዋሪዝም ውስጥ ጦርነት ተነሳና ያሳደጋቸው ገዢ ቤተሰብ ከሥልጣን ወደቀ። አል-ቢሩኒ በሃያ ሁለት ዓመታቸው አገር ጥለው ተሰደዱ። ለጊዜው ረይ በተባለችው ከተማ፣ ከዛሬዋ ቴህራን አጠገብ ተቀመጡ። ኪሳቸው ባዶ ነበር። በዚያ የነበረ አንድ የሥነ ፈለክ ሰው ድህነታቸውን አይቶ ንግግራቸውን ናቀባቸው፤ ኋላ ኑሯቸው ሲሻሻል ያው ሰው ወዳጅ ሆነ። አል-ቢሩኒ ይህን በመጽሐፋቸው ሲያነሱት ትዝብታቸውን አልደበቁም፤ የተለወጠው እውቀታቸው ሳይሆን ልብሳቸው ነበርና።

በ997 የጨረቃ ግርዶሽ ሆነ። አል-ቢሩኒ ካስ ላይ ሆነው፣ ታላቁ የሒሳብ ሊቅ አቡል ወፋእ ደግሞ ባግዳድ ላይ ሆነው ግርዶሹ የታየበትን ሰዓት መዘገቡ። ሁለቱን ሰዓቶች በማነጻጸርም ከተሞቹ በምሥራቅና ምዕራብ ምን ያህል እንደሚራራቁ አሰሉ። አንድ ቦታ በምድር ላይ የት እንደሆነ በወሬ ሳይሆን በልኬት ማወቅ የዕድሜ ልክ ሥራቸው ሆነ።

ከዚያ ጉርጋን ሄዱ፤ በ1000 ገደማ የሕዝቦችን የዘመን አቆጣጠር የሚመረምር መጽሐፋቸውን ለአገሩ ገዢ ለቃቡስ አበረከቱ። ወደ ኸዋሪዝም ተመልሰውም በቤተ መንግሥት አገለገሉ። ነገር ግን በ1017 የጋዝናው ሱልጣን ማሕሙድ ኸዋሪዝምን ያዙ። ከምርኮው ጋር ዐሊሞቹም ወደ ጋዝና ተወሰዱ፤ አል-ቢሩኒም አንዱ ነበሩ። ጋዝና ዛሬ አፍጋኒስታን ውስጥ ናት።

በጋዝና ግምጃ ቤት ደጃፍ

በግድ የሄዱበትን አገር አል-ቢሩኒ ትምህርት ቤት አደረጉት። ማሕሙድ ወደ ሕንድ ሲዘምቱ፣ አል-ቢሩኒ ሳንስክሪት ተማሩ፤ ከሕንድ ሊቃውንት ጋር ተቀምጠው ጠየቁ፤ በ1030 ገደማም ስለ ሕንድ ሃይማኖት፣ ሳይንስና ልማድ ትልቅ መጽሐፍ ጻፉ። በ1025 ደግሞ የከተሞችን አቀማመጥ የሚለካ ሌላ መጽሐፍ ጨረሱ። የዚያ መጽሐፍ አንዱ ዓላማ የጋዝና ሰዎች ሲሰግዱ ወደ መካ የሚዞሩበትን ቂብላ በትክክል ማወቅ ነበር።

ማሕሙድን የተኩት ልጃቸው መስዑድ ነበሩ። አል-ቢሩኒ ታላቁን የሥነ ፈለክ መጽሐፋቸውን በእሳቸው ስም ጻፉ። ሱልጣኑም አንድ ዝሆን ሙሉ ብር ላኩላቸው፤ አል-ቢሩኒ ግን አያስፈልገኝም ብለው መለሱት ይባላል።

ጋዝና በዚያ ዘመን ከሕንድ ዘመቻዎች የመጣ ሀብት የተከማቸባት ከተማ ነበረች። ሩቢው፣ ሳፋየሩ፣ ኤመራልዱ፣ ሉሉ በብዛት ይገባ ነበር። ከድንጋዮቹ ጋር ነጋዴዎችና ጠራቢዎች፣ ከእነሱም ጋር ማታለልና ተረት አብረው ገቡ። ቀይ የሆነ ሁሉ ያቁት ይባላል፤ አረንጓዴ የሆነ ሁሉ ዙሙሩድ ይባላል፤ ከየትኛው ተራራ እንደወጣ የሚነግረው ደግሞ ሻጩ ነው። ገዢው ሻጩን ማመን ብቻ ነው ምርጫው።

የድንጋዮቹ መጽሐፍ

አል-ቢሩኒ በሱልጣን መውዱድ ዘመን፣ ማለትም ከ1041 በኋላ፣ እርጅና ተጭኗቸው ሳለ ኪታብ አል-ጀማሂር ፊ መዕሪፈቲል ጀዋሂር የተባለውን መጽሐፍ ጻፉ። የመጀመሪያው ክፍል ስለ ከበሩ ድንጋዮች ነው፤ ሁለተኛው ስለ ማዕድናት። ከእሳቸው በፊት ስለ ድንጋይ የጻፉትን አል-ኪንዲን ጠቅሰዋል፤ ነገር ግን ያገኙትን ሁሉ እንዳለ አልተቀበሉም። ለእያንዳንዱ ድንጋይ በየቋንቋው ያለውን ስም፣ የሚወጣበትን አገር፣ የገበያ ዋጋውን፣ የሚወራለትን ሁሉ ሰበሰቡ። ከዚያ የሚፈተነውን ፈተኑ።

ዋናው መፈተኛቸው አንድ ሾጣጣ ዕቃ ነበር። ከታች ሰፊ፣ አንገቱ ጠባብ ነው፤ ከአንገቱ ላይ ወደ ታች የታጠፈ ቱቦ ይወጣል። ዕቃው እስከ ቱቦው አፍ ድረስ ውሃ ይሞላል። ድንጋዩ ሲገባበት የድንጋዩን ያህል ቦታ የሚይዝ ውሃ በቱቦው ይፈስሳል። የፈሰሰው ውሃ ይመዘናል፤ ከድንጋዩ ክብደት ጋር ይነጻጸራል። አንገቱ የጠበበው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ትንሽ ድንጋይ የምትገፋው ትንሽ ውሃም ሳይጠፋ እንዲታይ ነው። በዚህ ዘዴ የእያንዳንዱን ድንጋይ እፍግታ፣ ማለትም በያዘው ቦታ ልክ ምን ያህል እንደሚከብድ አወቁ። ለማዕድናት ወርቅን፣ ለድንጋዮች ደግሞ ሰማያዊውን ሳፋየር መነጻጸሪያ አድርገው ሰንጠረዥ አዘጋጁ። ይህን ሥራቸውን አል-ኻዚኒ በ1121 በጻፉት የሚዛን መጽሐፍ ውስጥ እናገኘዋለን።

ይህ ምን ጠቀመ? አንድ ምሳሌ እንይ። ከበደኽሻን ተራሮች ለዕል የሚባል ቀይ ድንጋይ ይመጣ ነበር። ተራራው በመሬት መንቀጥቀጥ ተሰንጥቆ ድንጋዩ እንደተገለጠ፣ መጀመሪያ ያገኙት ሴቶችም የልብስ ማቅለሚያ መስሏቸው እንደነበር ይተረካል። ለዕል ከቀይ ያቁት ጋር በዓይን ይምታታል። አል-ቢሩኒ ግን ለዕል ከያቁት ይልቅ ለስላሳና ቀለል ያለ፣ የራሱ ዓይነት ድንጋይ መሆኑን አወቁ። ዛሬ ለዕልን ስፒኔል፣ ቀዩን ያቁት ሩቢ እንለዋለን። የሩቢ እፍግታ 4.0 ገደማ ነው፤ የስፒኔል 3.6 ገደማ። አውሮፓ ውስጥ ሁለቱ በሳይንስ የተለዩት በ1783 ነው። በእንግሊዝ ዘውድ ላይ ያለው የጥቁሩ ልዑል ሩቢ የሚባለው ዝነኛ ድንጋይ እንኳ ሩቢ ሳይሆን ስፒኔል ነው።

እባቡና ኤመራልዱ

በዚያ ዘመን በሰፊው የሚታመን አንድ ነገር ነበር፤ እባብ ኤመራልድ ካየ ዓይኑ ይፈስሳል ይባላል። ትልልቅ መጻሕፍት ጽፈውታል፤ ሰው ሁሉ ይደግመዋል። አል-ቢሩኒ እባብ አስመጡ። በኤመራልድ የተሠራ የአንገት ጌጥ አጠለቁለት፤ የሚተኛበት ላይ ኤመራልድ በተኑለት፤ በክር የተሰካ ኤመራልድ ፊቱ ላይ አወዛወዙለት። ይህን በሙቀትም በብርድም ወራት ለዘጠኝ ወር ያህል ደጋገሙት። የእባቡ ዓይን ምንም አልሆነም። አል-ቢሩኒም ዓይኑ ምናልባት ጠንክሮ ካልሆነ በቀር ምንም እንዳልተለወጠ በፌዝ መዝግበውታል።

ነገሩ ያስቃል፤ ግን ልብ በሉት። አንዲት ወሬ ውሸት መሆኗን ለማሳየት ዘጠኝ ወር። ዛሬ አንድ ቪዲዮ ለማጋራት ስንት ሰከንድ እንደምንወስድ እያንዳንዳችን እናውቃለን። ሱረቱል ሑጁራት በ6ኛው አንቀጹ ወሬ ሲመጣ አጣሩ ብሎ ያዘዘንን እኚህ ሰው በእባብ ላይ ሳይቀር ተገበሩት።

ዙሪክ ላይ የቀጠለው ጥያቄ

የአል-ቢሩኒ ሚዛን ድንጋዩ ምን እንደሆነ ይናገራል፤ ከየት እንደመጣ ግን አይናገርም። የበርማ ሩቢና የታይላንድ ሩቢ እፍግታቸው አንድ ነው። ለአገሩ ጥያቄ ወደ ድንጋዩ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል።

ሩቢ በመሠረቱ አሉሚኒየምና ኦክስጅን ነው፤ ቀለሙን የሚሰጠው ጥቂት ክሮሚየም ነው። ነገር ግን ድንጋዩ መሬት ውስጥ ሲፈጠር ከአካባቢው ዓለት ብረት፣ ቫናዲየም፣ ጋሊየም፣ ማግኒዥየም በጥቂት በጥቂቱ ይገባበታል። የሞጎክ ሩቢ በእብነ በረድ ውስጥ ስለተፈጠረ ብረቱ ትንሽ ነው፤ የታይላንዱ ከባዛልት ጋር የመጣ ስለሆነ ብረቱ ብዙ ነው። ድንጋዩ ቢቆረጥ፣ ቢወለወል፣ ቀለበት ላይ ቢሰካ፣ ባሕር ቢሻገር ይህ አይጠፋም። ያደገበት አፈር በውስጡ ተጽፏል።

ይህን ጽሑፍ ለማንበብ ከተፈጠሩት መንገዶች አንዱ የበሰለው እዚሁ አገር፣ ዙሪክ ነው። በዙሪክ የፌዴራል ቴክኖሎጂ ተቋም፣ ሁላችሁም ኢቴሃ በምትሉት፣ የፕሮፌሰር ዴትሌፍ ጉንተር ቡድን በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሌዘርን ለከበሩ ድንጋዮች ምርመራ አዋለ። ሌዘሩ በዓይን የማይለይ፣ ከፀጉር ውፍረት እምብዛም የማይበልጥ ጉድጓድ ድንጋዩ ላይ ይነድላል። የተነሳው ብናኝ በጋዝ ተወስዶ በብዙ ሺህ ዲግሪ ሙቀት ይበታተናል፤ ከዚያ መሣሪያው እያንዳንዱን ንጥረ ነገር በክብደቱ ለይቶ ይቆጥራል። በሌላ አነጋገር ይህም ሚዛን ነው፤ የሚመዝነው ግን አተሞችን ነው።

በ1974 ዙሪክ ላይ ተቋቁሞ ዛሬ ባዝል የሚገኘው የስዊዘርላንድ የከበሩ ድንጋዮች ተቋም በዚህ ዓይነት ምርመራ ከሚታወቁት አንዱ ነው። ይኸው ተቋም ከኢቴሃ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ በ2013 ከሉል ላይ በተወሰደች ቅንጣት ዲኤንኤ ሉሉን የሠራችውን የባሕር ፍጥረት ዝርያ መለየት እንደሚቻል አሳየ። አል-ቢሩኒ በመጽሐፋቸው ለሉል ሰፊ ቦታ መስጠታቸውን ስናስብ፣ ይህን ቢያዩ ምን ያህል በጠየቁ ያሰኛል።

ይህ ምርመራ ታሪክንም አርሟል። በ2000 ፈረንሳይ ውስጥ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ጥንታዊ ኤመራልዶች ውስጥ ያለውን ኦክስጅን መረመሩ። በሮማውያን ዘመን ፈረንሳይ ምድር ላይ የተሠራ አንድ የጆሮ ጌጥ ኤመራልዱ የመጣው ከዛሬዋ ፓኪስታን፣ ከስዋት ሸለቆ ሆኖ ተገኘ። የስዋት ማዕድን ደግሞ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ገና የተገኘ ይመስል ነበር። ስዋት ከጋዝና ሩቅ አይደለችም። መጻሕፍት የረሱትን መንገድ ድንጋዩ ራሱ አስታወሰ።

የእኛ አገር ድንጋዮች

ይህ ታሪክ የእኛንም ደጅ ይነካል። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለ ነጋዴ እንደጻፈው፣ የአክሱም ዘመን ኢትዮጵያውያን ከብሌምዬስ ሕዝብ ኤመራልድ እየገዙ ሕንድ ወስደው ይሸጡ ነበር። ብሌምዬስን ብዙ የታሪክ ሰዎች ከዛሬዎቹ ቤጃዎች ጋር ያያይዟቸዋል። ማዕድኑ የነበረው በግብፅ ምሥራቃዊ በረሃ ነው፤ በኋላ ዘመን አል-መስዑዲም ስለዚያው ማዕድን ጽፈዋል።

በእኛ ዘመን ደግሞ በ2008 ወሎ ውስጥ ወገል ጤና አካባቢ ከሠላሳ ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በተነጠፈ የእሳተ ገሞራ አመድ መካከል ኦፓል ተገኘ። በ2016 ደግሞ ጉጂ ውስጥ ሻኪሶ አካባቢ የተገኘው ኤመራልድ የዓለምን ገበያ አነጋገረ። የሻኪሶ ኤመራልድ ከዛምቢያና ከብራዚል ኤመራልድ ጋር ሊምታታ ይችላል። ኬሚካዊ ምርመራው ዋጋ የሚኖረው እዚህ ላይ ነው። ገደል ተንጠልጥሎ የሚቆፍር የወገል ጤና ወጣት ወይም የሻኪሶ አባወራ ያወጣው ድንጋይ የሌላ አገር ስም ተለጥፎበት ቢሸጥ፣ ከእሱም ከአገሩም ስም ተነጥቋል ማለት ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ውስጥ ከእህል ክምር ሥር እጃቸውን አስገብተው እርጥበቱን ሲያገኙ፣ ነጋዴውን የደበቀውን ከላይ እንዲያወጣው አስተምረውታል። የላቦራቶሪው ሌዘርም የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ከላይ የማይታየውን ያወጣል። ግን እሱም ወሰን አለው። መርማሪው የድንጋዩን ኬሚስትሪ የሚያነጻጽረው አገራቸው ከሚታወቅ ድንጋዮች ስብስብ ጋር ነው፤ ስብስቡ ውስጥ ከሌለ ማዕድን የመጣ ድንጋይ ሊያሳስተው ይችላል። ስለዚህ አማና ያለው ላቦራቶሪ ሳይለይለት ሲቀር አገሩን ከመገመት ይልቅ አልተለየም ብሎ ይጽፋል።

የመጨረሻዋ ጥያቄ

አል-ቢሩኒ በ1048 ገደማ ጋዝና ላይ አረፉ። በመጨረሻው ሰዓታቸው አቡል ሐሰን አል-ወልወሊጂ የተባሉ ፈቂህ ሊጠይቋቸው ገቡ። ነፍሳቸው እየተጨነቀች ሳለ አል-ቢሩኒ ስለ ውርስ ሕግ ጠየቋቸው፤ በእናት በኩል ያሉ አያቶች ድርሻ እንዴት ነው የሚሰላው? ፈቂሁ አዝነው በዚህ ሰዓት ነው ወይ አሉ። አል-ቢሩኒ ግን ይህን ሳያውቁ ከዱንያ ከመሄድ አውቀው መሄድ እንደሚሻላቸው መለሱ። ፈቂሁ አስረዷቸው፤ እሳቸውም ደግመው አጠኑት። ፈቂሁ ወጥተው ገና መንገድ ላይ ሳሉ ከቤቱ የለቅሶ ድምፅ ሰሙ።

አያቴን አላውቅም ያሉት ሰው የመጨረሻ ጥያቄያቸው ስለ አያቶች ሆነ።

ዙሪክና ጄኔቫ ላይ ያደጋችሁ ወጣቶች ከየት ነህ፣ ከየት ነሽ የሚለውን ጥያቄ ከጎረቤትም ከመምህርም ትሰማላችሁ፤ አንዳንዴ በቅንነት፣ አንዳንዴ በሌላ መንፈስ። የአል-ቢሩኒ ሕይወት የሚያስተምረን ጥያቄው በራሱ ነውር እንዳልሆነ ነው። እሳቸው እያንዳንዱን ድንጋይ ጠይቀዋል። ነውሩ ሳይመረምሩ መመስከር፣ ቀለም አይቶ መፍረድ፣ በአገሩ ስም ብቻ ዋጋ መቁረጥ ነው። ወሬን አጣሩ ያለችን ሱረቱል ሑጁራት በ13ኛው አንቀጿ ሕዝብና ጎሣ የሆንነው እንድንተዋወቅ መሆኑን፣ አላህ ዘንድ የተከበረው ግን ይበልጥ አላህን የሚፈራው መሆኑን ትነግረናለች። ሁለቱ ትእዛዛት በአንዲት ሱራ ውስጥ ጎን ለጎን መቀመጣቸውን አስተውሉ።

አላህ አል-ቢሩኒን ይማራቸው፤ እኛንም ከሚጠይቁትና ከሚያጣሩት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።